ሠራተኛው የሚሸሸው ከተማውን ነውን ወይስ የቤቱን ኪራይ?



በከተማችን በደብረ ብርሃን ነጋድያን በተገናኙበት ስፍራ ሁሉ፥ በለቅሶ ቤትም ይሁን በሠርግ፥ በባንክ ወረፋም ይሁን በመጋዘን ደጃፍ፥ አንድ ሮሮ ደጋግሞ ይሰማል። ይኸውም «ሠራተኛ የምናሠለጥነው ለአዲስ አበባ ሆነ፤ ልጁ ሥራውን በለመደ ማግስት ይሄዳል» የሚል ነው። ምክንያቱንም ብዙዎቻችን በወጣቱ ጠባይ ላይ እናሳብባለን፤ አገሩን አይወድም፥ ብርዱን ይፈራል፥ የትልቅ ከተማ መብራት ያታልለዋል እንላለን። እኔ በንግድ ቤት ጸሐፊነት የምኖር ሰው ስለ ሆንሁ፥ ነገሩን በጠባይ ሳይሆን በመዝገብ መመርመር ይቀናኛል። መዝገቡ የሚነግረኝም ከሮሮው የተለየ ሆኖ ስላገኘሁት፥ ይህን አስተያየት ለመጻፍ ተነሣሁ።

ከጥቂት ወራት በፊት የመጋዘናችን ኃላፊ የሆነው ወጣት ወደ ጠረጴዛዬ ቀርቦ፥ «ጋሼ፥ አዲስ አበባ ሥራ አግኝቻለሁ፤ ወሩ ሲያልቅ ልሄድ ነው» አለኝ። ይህ ልጅ አራት ዓመት አብሮን የሠራ፥ የትኛው ዕቃ በየትኛው ጥግ እንዳለ በጨለማ የሚያውቅ፥ ቆጠራው ጎድሎ የማያውቅ ልጅ ነው።

«እዚያ ያለው ኪራይ እኮ ከዚህ የባሰ ነው» አልሁት።

«አውቃለሁ፥ ጋሼ። እዚያ ከአጎቴ ልጅ ጋር በደባልነት እገባለሁ። እዚህ ግን ኪራዩ የሚጨምርበትን ቀን አከራዬ ይነግረኛል፤ ደመወዜ የሚጨምርበትን ቀን የሚነግረኝ ግን የለም» ብሎ መለሰልኝ።

እርሱ ከወጣ በኋላ መዝገቡን ገልጬ ተመለከትሁ። በሁለት ዓመት ውስጥ ደመወዙ የተጨመረለት አንድ ጊዜ ነው። የቤቱ ኪራይ ግን፥ ራሱ እንደ ነገረኝ፥ ሦስት ጊዜ ጨምሯል። አከራዩም ሌላ ሰው አይደለም፤ እንደኛው በንግድ የሚኖር፥ እንደኛው «ሠራተኛ አልበረክት አለኝ» ብሎ የሚያማርር ሰው ነው። ከሁሉም ይልቅ ያሳፈረኝ በዚያው ሳምንት በጠረጴዛዬ ላይ የነበረው ሌላው ወረቀት ነው። ይኸውም ለአሠሪዬ ተከራዮች የሚላክ የኪራይ ጭማሪ ማስታወቂያ ሲሆን፥ የጻፍሁት እኔው በእጄ ነበር።

ሰው የሚኖርበትን ከተማ የሚመርጠው በምን እንደ ሆነ ለማወቅ ሩቅ መሄድ አያሻም፤ እኔ የተወለድሁባት አንኮበር ትመሰክራለች። ከደብረ ብርሃን ወደ ምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በተራራ ጫፍ ላይ የምትገኘው ይህች ከተማ የሸዋ ነገሥታት መቀመጫ ነበረች። ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ በ1834 ዓ.ም. ከእንግሊዝ መንግሥት ጋር የወዳጅነትና የንግድ ውል የተዋዋሉት፥ የእንግሊዙ መልእክተኛ ካፒቴን ሃሪስ ከባሕር ጠረፍ ተነሥቶ ወደ ሸዋ በመጣ ጊዜ ነው። ከአንኮበር ቁልቁል ያለው የአልዩ አምባ ገበያም ከታጁራና ከዘይላ ለሚመጣው ሲራራ ነጋዴ በር ነበር። አሞሌ ጨው፥ ቡና፥ የዝሆን ጥርስ፥ በዚያ ዘመን ክፉ ልማድም ሰው ሳይቀር፥ በዚያ መንገድ ያልፍ ነበር። ዳግማዊ ምኒልክም በ1857 ዓ.ም. ከመቅደላ አምልጠው ሲመጡ የአባቶቻቸውን መንበር የያዙት በአንኮበር ነው።

ዳሩ ግን አንኮበርን ጠላት አላጠፋትም፤ ማንም በአዋጅ አልሻራትም። ንጉሡ ወደ ልቼ፥ ቀጥሎም ወደ እንጦጦ ሄዱ። እንጦጦም ብርዱ ስለ በረታና ማገዶው ስለ ራቀ፥ በ1879 ዓ.ም. በእቴጌ ጣይቱ ምርጫ ከተማው ወደ ፍል ውኃው ወረደ፤ አዲስ አበባም ተቆረቆረች። በ1909 ዓ.ም. ምድር ባቡር አዲስ አበባ በገባ ጊዜ፥ በአልዩ አምባ በኩል ያልፍ የነበረው ሸቀጥ በሐዲዱ ላይ ተጫነ። ነጋዴውም ንግዱን፥ ጸሐፊውም ነጋዴውን ተከትሎ ሄደ። ዛሬ በወረዳው ከተማ በጎረቤላ ቆሞ ወደ ቤተ መንግሥቱ ኮረብታ የሚመለከት ሰው፥ ክብር ብቻውን ከተማ እንደማያቆም ይረዳል። ነገሥታት እንኳ ማገዶና መንገድ አስልተው ከተማ ከለወጡ፥ የቤት ኪራይ አስልቶ የሚለውጠውን የመጋዘን ሠራተኛ አገር አይወድም ብለን ልንነቅፈው አይገባንም።

በበኩሌ ሁለቱንም ከተማ ኖሬባቸዋለሁ። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቴን እንደ ጨረስሁ ወደ አዲስ አበባ ሄጄ በመርካቶ በአንድ የጅምላ መደብር ሰባት ዓመት ሠርቻለሁ። ደመወዙ ከዚህኛው ይበልጥ ነበር። ነገር ግን ፀሐይ ሳትወጣ በታክሲ ሰልፍ ላይ እቆም ነበር፤ ማታም ልጄን ተኝታ አገኛት ነበር። ወደ ደብረ ብርሃን በተመለስሁ ጊዜ ደመወዜ ቀነሰ፤ ሆኖም በእግሬ ሥራ እገባለሁ፥ ምሳዬን ከቤቴ እበላለሁ፥ ጎረቤቴ ቢታመም ሳልዘገይ እጠይቃለሁ። በመዝገብ ዓምድ የማይጻፍ ቢሆንም፥ ይህም ገቢ ነው።

አዲስ አበባም የራሷ ብልጫ እንዳላት መካድ አይገባም። አንድ ሠራተኛ ከአንዱ መደብር ቢወጣ በዚያው መንገድ ላይ ሌሎች ብዙ ደጆች ያገኛል፤ ልዩ ሐኪም ሲያስፈልገውም 130 ኪሎ ሜትር አይጓዝም። ለደብረ ብርሃን ሰው የሰላሙም ነገር ቀላል አይደለም። በኅዳር 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ እስከ ደብረ ሲና አካባቢ በደረሰ ጊዜ ብዙ ቤተሰብ ዕቃውን ጠቅልሎ ነበር፤ ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልሉ በተነሣው ግጭትም መንገድ ተዘግቶ ጭነታችን የቆመባቸውን ቀኖች ሁላችንም እናስታውሳለን። እነዚህን ነገሮች አንድ ነጋዴ ብቻውን ሊያስተካክላቸው አይችልም።

ይሁን እንጂ ከተማችን ለሥራ ፈላጊ ባዶ እጅዋን የቆመች አይደለችም። ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ በ15ኛው ምዕት ዓመት የቆረቆሯት ይህች ጥንታዊት ከተማ ለብዙ ዘመን የምትታወቀው በብርዷ፥ በበግ ሱፏና በብርድ ልብስ ፋብሪካዋ ነበር። በ1999 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲ ተከፈተላት፤ ከዚያም የቢራ ፋብሪካዎች ተተከሉባት፤ በ2011 ዓ.ም. የኢንዱስትሪ ፓርኩ ተመረቀ። ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ መገኘቷም ለአስመጪውም ለላኪውም ይመቻል። ስለዚህ ሥራው መጥቷል፤ ሠራተኛውም መጥቷል፤ ከልዩ ልዩ ስፍራ የተፈናቀሉ ወገኖቻችንም በመካከላችን ተጠልለዋል። ያልመጣው በዚያው መጠን ቤት ነው። ቤት ሲያንስ ኪራይ ይወደዳል፤ ይህን ሕግ ለነጋዴ ማስተማር አያስፈልግም።

አከራዩም የራሱ ሒሳብ እንዳለው አልዘነጋም። በተለይም በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ፥ ከውጭ የሚገባ የቤት መሥሪያ ዕቃ ለሚገዛና ቤቱን ለሚያድስ ሰው ወጪው ከብዷል። ነገር ግን በከተማችን አከራይና አሠሪ ብዙ ጊዜ አንድ ሰው መሆኑን እናስተውል። በቀኝ እጃችን የቀጠርነውን ሠራተኛ በግራ እጃችን ከቤት እናስወጣዋለን፤ ከዚያም ሁለቱን እጆቻችንን አጨብጭበን ወዴት ሄደ እያልን እንጠይቃለን።

ነገሩን በምሳሌ ላስረዳ። የአንድ ሠራተኛ ደመወዝ 100 ቢሆንና 30ው ለኪራይ ቢከፈል፥ ለእህል፥ ለልብስ፥ ለልጅ ትምህርትና ለዕድር 70 ይቀርለታል። ኪራዩ ወደ 45 ከፍ ቢል፥ እኛም ደመወዙን 110 ብናደርስለት፥ አሥር ጨመርንለት ብለን እንመካለን። እርሱ ግን በእጁ የሚቀረው 65 ነው፤ ከቀድሞው በ5 አንሷል። በዚህ ላይ የጤፉና የዘይቱ ዋጋ እንደ ቀድሞው አይደለም። እንግዲህ ይህ ሰው ሒሳብ ዐዋቂ ስለ ሆነ ሄደ እንጂ አገሩን ስለ ጠላ አልሄደም።

የኛንም ኪሳራ እንቁጠር። የመጋዘናችን ኃላፊ ከሄደ በኋላ ሁለት ሰው ቀጥረን ሁለቱም ገና አልለመዱም። በመጀመሪያው ወር ለደሴ ደንበኛ የተጫነው ዕቃ ተሳስቶ ሌላ ሱቅ ወረደ፤ ለመመለሻው ጭነት ድጋሚ ከፈልን። ጣሪያው የሚያፈስበትን ጥግ የሚያውቅ ሰው ስላልነበረም ጥቂት ጆንያ ስኳር ረጠበብን። ይህን ሁሉ ስደምረው፥ አሠሪዬ በዓመት ከኪራይ ጭማሪ የሚያገኘውን ገንዘብ አልፎ ሄደ። የጨው ተራራ ሲናድ ሞኝ ይልሳል፥ ብልህ ያለቅሳል ይባላል፤ እኛም የኪራዩን ጭማሪ እየላስን የንግዳችን ተራራ ሲናድ እንዳናይ እሰጋለሁ።

ታዲያ ምን ይደረግ? አስተያየቴ አራት ነገር ነው።

አንደኛ፥ ደመወዝ የሚመረመርበት ወር በየንግድ ቤቱ ታውቆ ይጻፍ። ጭማሪው ጥቂት እንኳ ቢሆን፥ ቀኑ የታወቀ ተስፋ ቀኑ ካልታወቀ ቸርነት ይሻላል።

ሁለተኛ፥ ቤት የምናከራይ ነጋድያን ውላችንን በጽሑፍ እናድርግ፤ ዘመኑም ይርዘም። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 የኪራይ ውል ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፥ ቅድሚያ ክፍያም ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ ደንግጓል። ተቆጣጣሪ እስኪመጣብን ሳንጠብቅ በፈቃዳችን ብንሠራበት፥ ሠራተኛው የሁለት ዓመት ኑሮውን አስቀድሞ ማስላት ይችላል፤ እኛም በየስድስት ወሩ ተከራይ ከመፈለግ እንድናለን።

ሦስተኛ፥ ከመደብሩ በስተኋላ ባዶ ቦታ ያለን ሰዎች ሁለትና ሦስት ክፍል ሠርተን ለራሳችን ሠራተኞች በመጠነኛ ኪራይ ብንሰጥ፥ ምጽዋት አይደለም፤ የንግድ ወጪ ነው። ይህ አዲስ ነገርም አይደለም። በ1946 ዓ.ም. በወንጂ ስኳር ማምረት የጀመረው የሆላንዶች ኩባንያ ለሠራተኞቹ መኖሪያ መንደር ያቋቋመው፥ ሠራተኛ ከሥራው አጠገብ ካልኖረ ፋብሪካው እንደማይሄድ ስላወቀ ነው። እኛ መንደር የመሥራት ዐቅም ባይኖረን፥ አንዲት ክፍል ለመሥራት የማይችል ግን ጥቂት ነው።

አራተኛ፥ የንግድ ምክር ቤቱ አባላት በስብሰባችን ይህን ጉዳይ ከግብርና ከውጭ ምንዛሪ እኩል አንሥተን እንነጋገርበት። አንዱ ብቻውን ኪራይ ቢያረጋጋ ጥቅሙ ትንሽ ነው፤ ብዙዎች ቢያረጋጉ ግን የከተማው ስም ይለወጣል።

ለመሄድ ለሚያስቡ ወጣቶችም አንድ ቃል አለኝ። የሚሰጣችሁን ደመወዝ ሳይሆን፥ ኪራይ፥ ታክሲና ምሳ ከፍላችሁ የሚቀራችሁን ቁጠሩ፤ በቀን ስንት ሰዓት በመንገድ ላይ እንደምታሳልፉም ጨምሩበት። ቆጥራችሁ አዲስ አበባ ከበለጠች፥ በሰላም ሂዱ፤ የሚወቅሳችሁ ሊኖር አይገባም። ሳትቆጥሩ ግን አትሂዱ።

ይህን ሒሳብ ጽፌ ለአሠሪዬ ባቀረብሁለት ጊዜ፥ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበበው። ቀጥሎም ያልተላኩትን የኪራይ ጭማሪ ማስታወቂያዎች ከመሳቢያዬ እንዳወጣ አዘዘኝና፥ «እነዚህ ለጊዜው ይቆዩ፤ አንተ ግን ይህን ለሌሎቹም ጻፍላቸው፤ እኔ ብቻዬን ሞኝ ልሁን እንዴ?» አለኝ። ይህ ጽሑፍ የተጻፈው በዚህ ምክንያት ነው። ማስታወቂያዎቹ እስከ ዛሬ በመሳቢያዬ ውስጥ አሉ። የሚቀደዱ ወይም የሚላኩ መሆናቸው በእርሱ ብቻ ሳይሆን፥ ይህን በምታነቡ በእናንተም የተወሰነ ይመስለኛል።

የመጋዘኑ ልጅ ግን ሄዷል። ባለፈው ሳምንት ደውሎ፥ «ጋሼ፥ የማዕዘኑን ጣሪያ አስጠገናችሁት?» ብሎ ጠየቀኝ።