ንብረት ክፍል ስለተቆለፈበት ማሽን፦ ለጤና ቢሮ ኃላፊው ግልጽ ደብዳቤ

ክቡር ሆይ፣

ጉዳዩን ከቀደሙት ማመልከቻዎቻችን ያውቁታል። ማመልከቻዎቹ መዝገብ ቤት ገቢ ሆነዋል፤ መልስ ግን የለም። ስለዚህ ዛሬ ሕዝብ እየሰማ እጽፋለሁ። ማሽኑ የተቆለፈበትን ሆስፒታል ስም አልጠራም፤ እርስዎ አያጡትም።

ታላቅ ወንድሜ በ1991 ዓ.ም. ባድመ ግንባር ላይ ግራ እግሩን ከጉልበቱ በታች አጥቷል። የሌለው እግር ግን ያመዋል። ሌሊት ጣቶቹ ይቃጠላሉ፣ ተረከዙ ይሰነጠቃል፤ በእንጭኒ ብርድ ደግሞ ይብስበታል። አንድ ሰኞ ለሕክምና ስንሄድ የያዝነው የቀጠሮ ካርድ ላይ «ፊዚዮቴራፒ፣ ጠዋት 3፡00» ተብሎ ማኅተም ተመትቶበታል። ገና ሳይነጋ በቅጥቅጥ ተሳፍረን ስንደርስ ክፍሉ ተቆልፏል። ተረኛዋ «መለጠፊያው አልቋል፤ ማሽኑም ለንብረት ክፍል ተመላሽ ሆኗል» አለችን። ወንድሜ ክራንቹን ግድግዳ ላይ አስደግፎ፣ ሱሪውን ጠቅልሎ፣ የተቆረጠውን እግሩን ጫፍ በመዳፉ ሲያሽ ዋለ። አጠገቡም እንደሱው ቁስለኞች ነበሩ። ከሰዓት በኋላ የትራማዶል ማዘዣ ተሰጥቶን ተመለስን። ካርዱም ማዘዣውም እጄ ላይ ናቸው።

ሕዝቡ ማሽኑን ይወቅልኝ። ቴንስ ይባላል፤ በመዳፍ የሚያዝ፣ በባትሪ ድንጋይ የሚሠራ ትንሽ ዕቃ ነው። በገመዶቹ ጫፍ ያሉት መለጠፊያዎች ቆዳ ላይ ይለጠፋሉ፤ ቀላል ኤሌክትሪክ ነርቩን ሲነዝረው የሕመሙ መልእክት አንጎል ሳይደርስ አከርካሪ ላይ ይዳከማል። ሜልዛክና ዎል የተባሉ ተመራማሪዎች ይህን የነርቭ አሠራር በፈረንጆቹ 1965 አስረድተዋል። የአሜሪካ መንግሥት ለቀድሞ ወታደሮቹ ቤታቸው ወስደው እንዲጠቀሙበት ይሰጣል።

ፈውስ ነው አልልም። የእንግሊዝ የጤና መመሪያ በፈረንጆቹ 2021 መነሻው ላልታወቀ ሥር የሰደደ ሕመም እንዳይሰጥ መክሯል። በዓመቱ 381 ጥናቶችን የመረመሩ ባለሙያዎች ግን ማሽኑ በሚሠራበት ጊዜና ወዲያው ከዚያ በኋላ ሕመም እንደሚቀንስ አሳይተዋል። ለወንድሜ ያቺ ጥቂት ጊዜ እንቅልፍ የምትወስድበት ጊዜ ናት። ትራማዶል ሱስ ያስይዛል፤ ሌላው ማስታገሻ ዳይክሎፌናክም ሲዘወተር ጨጓራ ያደማል፣ ኩላሊት ይጎዳል። አካሉን ለአገር የሰጠን ሰው በመለጠፊያ እጦት ወደዚያ መግፋት በየትኛው መመሪያ ተፈቀደ? ለግዥው ፊርማ የነፈገውስ ማን ነው? በአክብሮት እጠይቃለሁ፤ መልሱን ግን እፈልጋለሁ።

መለጠፊያው ይገዛ፣ ማሽኑም ከተቆለፈበት ይውጣ። ይህ ብቻ ግን አይበቃንም። እንጭኒ ላይ ቋሚ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ይመደብልን፤ ቁስለኛ አምቦና አዲስ አበባ ድረስ አይንከራተት። የልብ ምት መሣሪያ የተገጠመለት ሰው በቴንስ ያለ ሐኪም ፈቃድ ስለማይጠቀም፣ ባለሙያው እየመረመረ ለሚስማማው በውሰት ቤቱ ይስጠው። በደርግ ዘመንም፣ በባድመም፣ በቅርቡ በሰሜን ጦርነትም የቆሰሉት ሳይለያዩ ይመዝገቡ፤ የሕመም ሕክምናቸው ከክፍያ ነፃ ይሁን፤ ሰው ሠራሽ እግራቸውም በወቅቱ ይለካ፣ ይጠገን። በየሆስፒታሉ ንብረት ክፍል የተቆለፈው የሕክምና ዕቃም ዝርዝሩ፣ የቆመበት ምክንያትና የኃላፊው ስም ተጽፎ በር ላይ ይለጠፍ።

መልስዎን በጽሑፍ፣ በቁጥርና በማኅተም እንጠብቃለን።

ከአክብሮት ጋር
የቁስለኛ እህት፣ ከእንጭኒ

ግልባጭ፦
ለምዕራብ ሸዋ ሕዝብ