ስለ ወባ ምርመራ ያለኝ አስተያየት

በክፍላችን ስለ ዲ.ኤን.ኤ. ሲነሣ አንዳንድ ጓደኞቼ «ይህ የፈረንጅ አገር ጉዳይ ነው፤ ለማታር ምን ይጠቅማታል?» ይላሉ። እኔ በዚህ አልስማማም።

ባለፈው ክረምት ታናሽ ወንድሜን ሲያተኩሰው ፈጣኑ መመርመሪያ «ወባ የለም» አለ፤ በማግሥቱ ደሙ በማይክሮስኮፕ ሲታይ ግን ተገኘ። ለዚህ መንሥኤው ብዙ ሊሆን ይችላል፤ አንዱ ግን እጅግ ያስደንቃል።

ፋልሲፓረም የተባለውን ወባ ለማግኘት ብዙ ጊዜ የተሠራበት መመርመሪያ የሚፈልገው ኤች.አር.ፒ. 2 የሚባለውን የተሕዋሲውን ፕሮቲን ነው። ሚውቴሽን በተባለው የዘር ለውጥ ይህን ፕሮቲን የሚሠራው ጂን የጠፋበት ተሕዋሲ እንደ ሌባ ሳይታይ ያልፋል። ያልታየውን መድኃኒት አያገኘውም፤ ስለዚህ ይራባል፤ ትንኝም ታዛምተዋለች። ሌባውን መርጦ ያሳደገው መመርመሪያችን ራሱ ነው ማለት ነው!

እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመ ጥናት በትግራይ፣ በአማራና በጋምቤላ ከ12,000 በላይ ሰዎችን መርምሮ ይህን ለውጥ በዲ.ኤን.ኤ. አረጋግጧል። በጋምቤላ የተገኘው ከሁለቱ እጅግ ያነሰ ነበር። «እንግዲያውስ ምን አስጨነቀን?» የሚል አይጠፋም። እኔ ግን ልንነቃ የሚገባን ገና ጥቂት ሳለ ነው እላለሁ። በወረቀት ላይ የደረቀች አንዲት የደም ጠብታ ለዚህ ምርመራ ትበቃለች፤ መንገዱ ቢከፋም አዲስ አበባ ትደርሳለች። ከማታርም በየዓመቱ እንድትላክ እጠይቃለሁ።