ዝም ያለው ልጅ

በአንድ ክሊኒክ መጠበቂያ ክፍል ውስጥ ሁለት እናቶች ልጆቻቸውን ይዘው ተቀምጠዋል እንበል። የአንደኛዋ ልጅ ትኩሳቱ 39 ዲግሪ ነው። ያለቅሳል፣ ቴርሞሜትሩን በእጁ ይገፋል፣ የእናቱን ስልክ ካልያዝኩ ይላል። የሁለተኛዋ ልጅ ትኩሳቱ 37.8 ነው፤ እናቱ ትከሻ ላይ ተደፍቶ ዝም ብሏል። ሲስተር ወጣ ብላ ሁለቱንም አየት ታደርግና ሁለተኛውን አስቀድማ ታስገባለች። ወረፋ የያዘችው እናት "የእኔ ልጅ እኮ እንደ እሳት ይነዳል!" ብላ ብትቆጣ አይፈረድባትም።

ይሁንና ሲስተር አልተሳሳተችም። የሚያለቅስ፣ የሚገፋና የሚቆጣ ልጅ ጉልበት አለው፤ አካባቢውንም ያውቃል። ዝም ያለው ግን ለማልቀስ እንኳ አቅም አጥቶ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ነርሷ ቁጥሩን ታነባለች፣ ልጁንም ታነባለች፤ ሁለቱ ካልተስማሙ ደግሞ ልጁን ታምናለች። ይህ በትምህርትና በብዙ ሕሙማን አጠገብ በመቆም የሚገኝ የሙያ ዳኝነት ነው። የተወሰነውን ግን እኛም ቤታችን ልንማረው እንችላለን።

ትንፋሽ ይቆጠራል

ልጅ ሲያስለው ብዙዎቻችን ግንባሩን እንዳስሳለን። ነርስ ግን ደረቱን ታያለች። ልጁ ሲረጋጋ ወይም ሲተኛ ልብሱን ገለጥ ያድርጉና ሆዱ ወይም ደረቱ ከፍ ባለ ቁጥር አንድ እያሉ ሙሉ አንድ ደቂቃ ይቁጠሩ። ሲያለቅስ ወይም ሲሮጥ ቆይቶ የተቆጠረ ትንፋሽ ያሳስታል። የዓለም ጤና ድርጅት መለኪያ እንዲህ ነው፦ ሁለት ወር ላልሞላው ሕፃን 60 እና ከዚያ በላይ፣ ከሁለት ወር እስከ አንድ ዓመት 50 እና ከዚያ በላይ፣ ከአንድ እስከ አምስት ዓመት 40 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ፈጣን ነው፤ መታየት አለበት። ልጁ ሲተነፍስ ከጎድን አጥንቱ በታች ያለው ክፍል ወደ ውስጥ ስርጉድ የሚል ከሆነ ደግሞ ሌሊትም ቢሆን ነገን አይጠብቁ።

"ተሻለው መሰለኝ"

ተቅማጥ ሲመጣ "ጥርስ ሊያወጣ ነው" ማለት የተለመደ ነው። የጥርሱን ጉዳይ ትተን ውኃውን እንከታተል። ፈሳሽ ማጣት የጀመረ ልጅ ይነጫነጫል፣ ኩባያ ሲያይ ይስገበገባል። እየባሰበት ሲሄድ ግን ይደክማል፤ ውኃ መጠየቁንም ይተዋል። ቤተሰብ "አሁንስ ተረጋጋ፣ ተሻለው መሰለኝ" የሚለው ብዙ ጊዜ በዚህች አደገኛ ሰዓት ነው። የተሻለው ልጅ ይጫወታል፣ ይሸናል፣ ይጠጣል። ያልተሻለው ዓይኑ ይጎደጉዳል፤ የሆዱ ቆዳ ቆንጠጥ ተደርጎ ሲለቀቅም ቶሎ ወደ ቦታው አይመለስም።

ኦአርኤስ ሲበጠብጡ ፓኬቱ ላይ የተጻፈውን የውኃ ልክ ይጠብቁ፤ "እንዲጠነክር" ብሎ ውኃ መቀነስ ይጎዳል። ካስመለሰው አሥር ደቂቃ ያህል ይጠብቁና በማንኪያ ቀስ እያሉ እንደገና ይጀምሩ። ጡት የሚጠባ ከሆነ ጡት አይቋረጥም።

መጠጣት ወይም መጥባት ያቃተው፣ የቀመሰውን ሁሉ የሚያስመልስ፣ ያንቀጠቀጠው፣ ወይም ለመቀስቀስ የሚያስቸግር ልጅ በአስቸኳይ ይወሰድ። ሁለት ወር ያልሞላው ሕፃን ካተኮሰውም እንዲሁ፤ ቤት ውስጥ በሽሮፕ የሚሞከር ነገር አይደለም።

አባባና እማማም አሉ

የቤታችን ትልልቆችም በራሳቸው መንገድ ዝም ይላሉ። በዕድሜ የገፋ ሰው ብርቱ የሳንባ ወይም የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ይዞት ትኩሳት ላይኖረው ይችላል። የሚታየው ምልክት ድንገት ግራ መጋባት፣ ምግብ መተው ወይም መውደቅ ብቻ ሊሆን ይችላል። ትናንት የልጅ ልጆቻቸውን ስም እየጠሩ ሲመርቁ የነበሩ እናት ዛሬ ቀኑ ከጠፋባቸው "እርጅና ነው" ብሎ ማለፍ አይገባም። እርጅና በአንድ ሌሊት አይመጣም።

የስኳር መድኃኒት የሚወስዱ አባት በድንገት ላብ በላብ ከሆኑ፣ ከተንቀጠቀጡ ወይም ያለ ወትሯቸው ከተቆጡ፣ ስኳራቸው ወርዶ ይሆናል። መለኪያ ካለ ይለኩ፤ ከ70 በታች ከሆነ ወይም መለኪያ ከሌለ፣ መዋጥ እስከቻሉ ድረስ ሦስት የሻይ ማንኪያ ያህል ስኳር በውኃ በጥብጠው ያጠጧቸው፤ ከ15 ደቂቃ በኋላ እንደገና ይዩዋቸው። ራሳቸውን ከሳቱ ግን አፋቸው ውስጥ ምንም አይጨምሩ፤ ወደ ሕክምና ይውሰዷቸው። ፊታቸው ባንድ ወገን ከተጣመመ፣ አንድ እጃቸው ከዛለ ወይም አንደበታቸው ከተሳሰረ ሰዓቱን ይመልከቱና ይሂዱ። ሆስፒታል ሲደርሱ ከሚቀርቡልዎ የመጀመሪያ ጥያቄዎች አንዱ "ስንት ሰዓት ላይ ጀመረ?" የሚል ነው፤ ሕክምናውም በዚያ ሰዓት ላይ ይመሠረታል።

ለሲስተር ምን እንንገራት?

ብዙ ቤተሰብ ለነርሷ በአጭሩ "ያመዋል" ይልና ዋናውን ወሬ ለሐኪሙ ያስቀምጣል። ሐኪሙን በቀን አንድ ሁለት ጊዜ እናየዋለን፤ ሌሊት በሽተኛው አጠገብ የምትቆመው ግን ነርሷ ናት። ለውጡን ቀድማ የምታየውም፣ ሐኪሙን ከእንቅልፉ የምትቀሰቅሰውም እሷ ናት። ስለዚህ ሦስት ነገር ይንገሯት፦ በደኅናው ቀን ልጁ ወይም አባት እንዴት እንደነበሩ፤ ምን እንደተለወጠና ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ፤ ምን እንደሰጧቸው፣ ስንት ሰዓት ላይና ምን ያህል።

ሦስተኛውን ማንም አይደብቅ። ፓራሲታሞል ከአንድ ሰዓት በፊት ከሰጡ ትኩሳቱ ወርዶ ይለካል፤ ካልተናገሩ ደግሞ በላዩ ላይ ሊደገም ይችላል። ከጎረቤት የተገኘ አንቲባዮቲክም፣ የባህል መድኃኒትም ቢሆን ይነገር። የመድኃኒቱን ጠርሙስ ወይም ካርቶን ይዞ መሄድ ከሁሉ ይሻላል።

"ልጄ ዛሬ ልጄን አይመስለኝም" ማለትም አያሳፍርም። ነርሷ የብዙ ልጆችን ሕመም ታውቃለች፤ የእርስዎን ልጅ ጤና ግን ከእርስዎ በላይ የሚያውቅ የለም። ጥሩ ነርስ ይህን ስትሰማ ፊቷን አታዞርም፤ እንደገና ትለካለች። ካልለካችልዎ በትሕትና ይጠይቁ፤ ቤት ተልከው ልጁ ከባሰበትም "አሁን ገና መጣን እኮ" ሳይሉ ይመለሱ። የትናንቱ ውሳኔ የተሰጠው በትናንቱ ምልክት ነው፤ ዛሬ ምልክቱ ከተለወጠ ውሳኔውም ይለወጣል።