አዳራሹ በቀትር መብራት አይለምን

በሐይቅ ዳር ወይም በአምባሰል ጋራ ግርጌ ዘመናዊ የስብሰባ አዳራሽ ቢሠራ የማይደሰት የወሎ ልጅ የለም። እኛም እንመኘዋለን። ነገር ግን ዘመናዊነት ማለት ከላይ እስከ ታች መስተዋት መልበስ የሚመስላቸው ስላሉ፥ አንድ ቃል እንናገራለን።

ተቀምጦ ከሚያዳምጥ ሰው አካል 100 ዋት ያህል ሙቀት ይወጣል፤ 500 ሰው ሲሰበሰብ 50 ኪሎዋት ይሆናል። ይህን ሙቀት በመስተዋት ቤት ዘግቶ መልሶ በኤሌክትሪክ ማቀዝቀዝ ገንዘብ ማቃጠል ነው። ረጃጅሞቹ ግድግዳዎች ወደ ሰሜንና ወደ ደቡብ ቢዞሩ የጧትና የማታ ፀሐይ በቀጥታ አይገባም፤ የሞቀው አየር የሚወጣበት መስኮት ከጣራው ሥር ቢከፈት ነፋሱ ያለ ደመወዝ ያገለግላል። አባቶቻችን በዋርካ ጥላ ሥር የሚመክሩት ያለ ምክንያት አይደለም።

በ1953 ዓ.ም. ተመርቆ፥ ታድሶም በ2017 ዓ.ም. እንደገና የተከፈተው የአዲስ አበባው የአፍሪካ አዳራሽ ምስክራችን ነው። የአፈወርቅ ተክሌ 150 ካሬ ሜትር የመስተዋት ሥዕል የሚፈካው በፀሐይ ብርሃን ነው።

«የህዳሴው ግድብ በጳጉሜን 2017 ዓ.ም. ተመርቆ ሳለ ቁጠባ ለምን?» የሚል አይጠፋም። ግድብ ውኃ ያስቀምጣል፤ በቀትር ያልባከነው ለማታ ይተርፋል። ማታ ደግሞ በኩራዝ የሚያጠና የገጠር ወንድም አለን።

ስለዚህ የምሕንድስና ተማሪዎች ሆይ፥ ንድፉን ከፀሐዩና ከነፋሱ ጀምሩት፤ መኪናው ኋላ ይደርሳል እንላለን።