አሮጌው ኮምፒዩተር እንቢ ሲል

ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረው መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቲፒኤም 2.0 የሚባለውን የጥበቃ ክፍል ይፈልጋልና ብዙው አሮጌ ኮምፒዩተር አይመጥነውም። ባለ 64 ቢት ለሆነው ግን ሊኑክስ ሚንት በ2 ጊጋባይት ራም ይጫንለታል።

አዲሱ ኦፕሬቲንግ ሲስተም ያለበት ፍላሽ ተሰክቶ ሳለ መሣሪያው እንዳላየ ቢያልፈው፥ ሞቷል ብሎ ከመፍረድ በፊት ቀኑን መመልከት ይገባል። ብዙ ዓመት ወደ ኋላ ሄዶ እንደ ሆነ፥ በዋናው ሰሌዳ ላይ ያለችው ባለ 3 ቮልት ክብ ባትሪ አልቃለች ማለት ነው። በአሮጌ መሣሪያ እርስዋ ስታልቅ ቀኑም፥ ከየትኛው ዕቃ ይነሣ የሚለውም ትእዛዝ ይጠፋል፤ ቀኑ ስለ ተሳሳተም ኢንተርኔቱ አልገናኝም ይላል። ከሳንቲም የማትበልጥ ነገር ስንቱን ደኅና መሣሪያ አስጥላለች! ከመብራት ነቅሎ ሲአር2032 የሚል የተጻፈባትን መተካት፥ ቀኑን ማቅናት፥ ፍላሹንም በመነሻው ተራ ፊተኛ ማድረግ ነው።

እኔን የሚያስፈራኝ ግን ከዚህ በኋላ የሚመጣው «ዲስኩ ይደምሰስ?» የሚለው ጥያቄ ነው። የአያት ፎቶግራፍ፥ የልጅ ክርስትና ሁሉ በዚያው ላይ ነውና። ወላጆች ሆይ፥ ልጃችሁ «እሺ» ከማለቱ አስቀድሞ ወደ ሌላ ዲስክ አስገልብጡት፤ የተገለበጠውንም በሌላ ኮምፒዩተር ከፍታችሁ እዩት።