ለሞተ የሚደርስ ለታመመም ይድረስ

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይላሉ አባቶቻችን። ይህ ምሳሌ ስለ ገላ በሽታ የተነገረ ቢሆንም፣ በኔ አስተያየት ስለ ሥራ ማጣትም ቢነገር እውነትነቱ አይጓደልም። ባገራችን ሥራ የጠፋበት ሰው ነገሩን እንደ ነውር ይሸሽገዋል። ልብሱን አሳምሮ፣ ጫማውን ጠርጎ በየማለዳው ከቤቱ ይወጣል፤ ማታም ሲሠራ እንደ ዋለ ሰው ደክሞት ይገባል። በዚያ ቤት ሕመምተኛ ያለ እንደ ሆነ ግን፣ መሸሸጉ ከሥራው መጥፋት የበለጠ ጉዳት ያመጣል። ይህን የተማርሁት ከመጽሐፍ ሳይሆን ከገዛ ቤታችን ነው። ለተማሪዎችና በቅርቡ ሥራ ለያዙ ወጣቶች ይጠቅም እንደ ሆነ በማለት ዛሬ ላወጋችሁ አስቤአለሁ።

እንደሚታወቀው በጎንደር ከተማና በስሜን ደጋ ብዙ ቤት የሚተዳደረው በእንግዳ ነው። የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በ1978፣ የፋሲል ግቢም በ1979 እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በዓለም ቅርስነት ከተመዘገቡ ወዲህ፣ ዋልያውንና ጭላዳውን፣ ግንቡንና ጥምቀቱን ለማየት ከሩቅ አገር የሚመጣው ሰው የአያሌ ቤተሰብ እንጀራ ሆኖ ኖሯል። አንድ እንግዳ ደባርቅ በደረሰ ጊዜ አስጎብኚው፣ ጠመንጃ ያነገተው የፓርክ ጠባቂ፣ ባለ በቅሎውና ወጥ ቤቱ ተከትለውት ወደ ሳንቃ በር፣ ወደ ግጭና ወደ ጨነቅ ይወጣሉ። እነርሱ ያገኙትም ገንዘብ ገብስ ወደሚሸጠው ገበሬ፣ ሻይ ወደምታፈላው እናት ይተላለፋል። እንጀራቸው ግን የወቅት እንጀራ ነው። ክረምቱ ካለፈ በኋላ እስከ መጋቢት ድረስ የተገኘው ዓመቱን ሙሉ ይበላል።

በ2012 ዓ.ም. ይህ ሰንሰለት ባንድ ጊዜ ተበጠሰ። መጋቢት 4 ቀን የመጀመሪያው የኮሮና ሕመምተኛ በአዲስ አበባ መገኘቱ ተነገረ፤ መጋቢት 7 ቀን ትምህርት ቤቶች እንዲዘጉ ተወሰነ፤ መጋቢት 30 ቀንም የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። እኔ በዚያን ጊዜ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበርሁና ደብተሬን ጠቅልዬ ወደ ጎንደር ተመለስሁ። ታላቅ ወንድሜ አስጎብኚ ነው። እናታችን ደግሞ የስኳር ሕመምተኛ ስትሆን፣ በየቀኑ የኢንሱሊን መርፌ ትወጋለች። ማቀዝቀዣ ስለሌለን መድኃኒቷ የሚቀመጠው እርጥብ አሸዋ ውስጥ በተቀበረች ትንሽ እንስራ ነው።

ወንድሜ እንግዶቹ ሁሉ ጉዟቸውን እንደ ሰረዙ ለእናታችን አልነገራትም። «ትንሽ ቀዝቅዟል» ብቻ አላት። ከዚያም በገበያ ሸክም መሸከም ጀመረ። ባንድ በኩል ሥራ ካልሠራ የመድኃኒት መግዣ የለም፤ በሌላ በኩል ሰው በተጨናነቀበት ስፍራ ሲውል በሽታውን ወደ ቤት ያመጣ ይሆናል። ኮሮና ደግሞ የስኳር ሕመም ባለበት ሰው ላይ እንደሚከብድ በሬዲዮ ሲነገር እንሰማ ነበር። ስለዚህ ማታ ሲገባ ከደጅ ታጥቦ፣ ልብሱን ለውጦ፣ በማድ ቤት ብቻውን ይበላ፣ በዚያም ይተኛ ጀመር። ምክንያቱን ስላልነገራት እናታችን ልጇ የተጸየፋት መሰላትና በልቧ አዘነች።

ነገር ግን እናት ሞኝ አይደለችም። ከስሜን የሚመለስ ጫማ ምን ዓይነት ጭቃ እንደሚይዝ ታውቃለች፤ የወንድሜ ጫማ ደግሞ የከተማ አቧራ ብቻ ነበረበት። እርሷም በበኩሏ ማወቋን ሸሸገችው። ወጪ ላቅልልለት ብላ የማለዳውን መርፌ መዝለል ጀመረች፤ ብልቃጡ ሳያልቅ ሲቈይ ወንድሜ እግዚአብሔርን አመሰገነ። ሁለቱም በፍቅር ተደባብቀው፣ አንዱ ለአንዱ እያዘነ፣ ወደ ገደል ሲሄዱ እኔ የተማርሁት ልጅ በመካከላቸው ተቀምጬ አላየሁም።

ባንድ ሌሊት እናታችን ታስመልስ ጀመር፤ ትንፋሿም ሩቅ መንገድ እንደ ሮጠ ሰው ከጥልቅ ይወጣ ነበር። ተሸክመን ሐኪም ቤት አደረስናት። ያከማት ወጣት ሐኪም ነገሩን ካረጋጋ በኋላ፣ «እማማ፣ መርፌውን አቋርጠዋል እንዴ?» ብሎ ጠየቃት። እርሷም፣ «ልጄ ሥራ አጥቶ በኔ ዕዳ እንዳይጎብጥብኝ ብዬ ነው፣ ጌታዬ» አለችው። ወንድሜ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ያን ቀን ከሰማሁት ሁሉ ግን ልቤ ውስጥ የቀረው የዕድራችን ዳኛ የተናገሩት ነው። እኒህ ሽማግሌ እናታችን ወደ ቤት በተመለሰች ጊዜ አፍና አፍንጫቸውን በነጠላቸው ሸፍነው ከደጅ ቆመው ጠየቋት። በመጨረሻም ወደ እኛ ዞረው፣ «ልጆቼ፣ እግዜር አያድርገውና ብታልፍ ኖሮ በማግሥቱ ድንኳኑም፣ ገንዘቡም፣ ወንበሩም በደጃችሁ ነበር፤ ለመድኃኒት ግን መተዳደሪያ ደንባችን አይፈቅድም» አሉን። ይህን ሲናገሩ እርሳቸውም ራሳቸው ያፈሩ መሰለኝ። እናታችን ሃያ ዓመት የከፈለችበት ማኅበር፣ ለመሞቷ ተዘጋጅቶ ለመዳኗ ያልተዘጋጀ ሆኖ ተገኘ።

አንባቢ ሆይ፣ «መንግሥትስ የት ነበር?» ትለኝ ይሆናል። በዚያ የአስቸኳይ ጊዜ ደንብ አሠሪዎች ከተወሰነው ሥርዐት ውጭ ሠራተኛ እንዳያሰናብቱ፣ አከራዮችም ተከራይ እንዳያስወጡና ኪራይ እንዳይጨምሩ ተከልክሎ ነበር። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ም ከሥራ ለሚሰናበት ሠራተኛ፣ በሕጉ በተዘረዘሩት ሁኔታዎች የስንብት ክፍያ ይሰጣል። እነዚህ ሁሉ መልካም ናቸው። ነገር ግን ባለ በቅሎውን ማን አሰናበተው? አሠሪው ከባሕር ማዶ መጥቶ ሦስት ቀን የሚሰነብት እንግዳ ነው። ማንም ሳያሰናብተው ሥራው የጠፋበትን ሰው የሕግ አንቀጽ አያገኘውም፤ የሚያገኘው ጎረቤቱ ነው። ጎረቤትነት ደግሞ ባገራችን የራሱ ማኅበር አለው፤ ይኸውም ዕድር ነው።

ስለዚህ በበኩሌ የማቀርበው አሳብ አጭር ነው። ዕድር ከሚሰበስበው መዋጮ ጥቂቱን ለይቶ፣ ሥራ ለጠፋበት አባል ቤት የማይቋረጥ መድኃኒት መግዣ የሚሆን ብድር ይስጥ። ስጦታ ይሁን አላልሁም፤ ስጦታ ኩሩውን ሰው ያሸሸዋል። ለሦስት ወር ያህል ይበደር፤ ወቅቱ ሲመለስ በጥቂት በጥቂቱ ይክፈል። ገንዘቡም በእጁ ሳይሆን በቀጥታ ለመድኃኒት ቤቱ ይሰጥ። ይህ ደንብ ቢኖር ኖሮ ወንድሜ የሚሸሽገው ነገር ባልኖረው ነበር፤ ሰው ደንብ የፈቀደለትን ነገር ለመጠየቅ አያፍርምና።

አንዳንድ ሽማግሌዎች፣ «የሬሳውን ገንዘብ ለበሽተኛ ብንበትነው በሞት ቀን ምን ልናደርግ ነው?» ይላሉ። ሥጋታቸው ከንቱ አይደለም፤ ለዚህም ነው ገንዘቡ ተለይቶ ይቀመጥ የምለው። ነገር ግን ዕድር ለሕያው መድረስ ያልለመደው ነገር አይደለም። የኤችአይቪ ወረርሽኝ ባገራችን በበረታባቸው ዓመታት አያሌ ዕድሮች ደንባቸውን አሻሽለው ሕሙማንን አስታመዋል፤ ወላጅ ያጡ ልጆችንም ደግፈዋል። በአንድ ዘመን የተቻለ በሌላው የማይቻልበት ምክንያት አይታየኝም።

ጎንደር ራሷ የዚህ ዓይነት ትምህርት ባለቤት ናት። በ1940ዎቹ ዓመታት አጋማሽ በደምቢያ የወባ ወረርሽኝ ገብቶ ብዙ ሕዝብ በፈጀ ጊዜ፣ አገሪቱ አልቅሳ ብቻ አልቀረችም። በ1947 ዓ.ም. የጎንደር የጤና አጠባበቅ ኮሌጅ ተከፍቶ፣ የጤና መኰንኖች፣ የማኅበረሰብ ነርሶችና የአካባቢ ጤና ሠራተኞች ባንድነት እየሠለጠኑ ወደየገጠሩ ወጡ። የዛሬው የጎንደር ዩኒቨርሲቲ መሠረቱ ይህ ነው። ከመከራ በኋላ ሥርዐት ካልተተከለ መከራው በከንቱ ያለፈ ይሆናል። ከኮሮና በኋላስ ምን ተከልን? እንግዳው ገና ሳይመለስ በ2013 ዓ.ም. ጥቅምት የሰሜኑ ጦርነት ተነሣ፤ ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህም በአማራ ክልል የተነሣው ግጭት መንገዱን እንደገና ዘጋው። የሥራ መጥፋት አንድ ጊዜ መጥቶ የሚያልፍ ጎርፍ ሳይሆን፣ የሚመላለስ ክረምት መሆኑን እነዚህ ዓመታት አሳይተውናል። ለክረምት ደግሞ ቤት የሚከደነው በበጋ ነው።

እስከዚያው ድረስ በየቤታችን ልናደርገው የሚገባን አለ። ሥራ የጠፋበት ሰው በዚያው ሳምንት ቤተሰቡን ሰብስቦ ይንገር፤ ሕመምተኛውንም ጭምር። ከዚያ ምን እንደሚቀነስ ባንድነት ይቈረጥ፤ ልብስም ይቅር፣ ድግስም ይቅር፣ መድኃኒት ግን በመጨረሻ እንኳ አይነካ። ኢንሱሊን የሚወጋ ሰው ያለ ሐኪም ምክር መጠኑን ቢቀንስ ወይም ቢያቋርጥ በጥቂት ቀናት ውስጥ ለሞት የሚያደርስ አደጋ ሊገጥመው እንደሚችል፣ እኛ ቤት በዐይናችን አይተናል። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን መዋጮም ገንዘብ ባለበት ወቅት ይከፈል፤ ሕመሙ በክረምት ሲመጣ መታወቂያው ያልታደሰ ሆኖ እንዳይገኝ። ተላላፊ በሽታ ሲነሣም ከሕመምተኛው የሚርቅ ሰው የሚርቅበትን ምክንያት አስቀድሞ ይንገር፤ ያልተነገረ ጥንቃቄ ጥላቻ ይመስላልና።

እናንተ ተማሪዎችና ወጣት ሠራተኞች ሆይ! ዛሬ በየዕድሩ ስብሰባ ከኋላ ተቀምጣችሁ ስልካችሁን የምትነካኩ፣ ወይም እናታችሁን ልካችሁ እናንተ የምትቀሩ ብዙዎች ናችሁ፤ እኔም ከነዚሁ አንዱ ነበርሁ። ደንብ መጻፍ የምንችል እኛ ነን፤ ሒሳብ መያዝ የምንችል እኛ ነን። በሚመጣው ስብሰባ እጃችንን አውጥተን አንዲት አንቀጽ እንጨምር ብንል ሽማግሌዎቹ የሚቈጡ አይመስለኝም። የኛ ሰፈር ዳኛ ይህን አሳብ ባቀረብሁላቸው ጊዜ ጥቂት ዝም ብለው ቈዩና፣ «ድንኳኑን ከመትከል መድኃኒቱን መግዛት ይረክሳል» አሉኝ። ጉዳዩ በሚቀጥለው ወር ለጉባኤ ይቀርባል። እናታችን ዛሬም መርፌዋን በጊዜው ትወጋለች፤ ወደ ስብሰባውም አብራኝ እንደምትሄድ ነግራኛለች።