መነጽር የማይፈታው የዓይን ጉዳይ

ጋሽ እገሌን ስትሮክ መታቸው ሲባል ተሰብስበን ሄደን የምንጠይቀው ጥያቄ አንድ ዓይነት ነው። «እጃቸውን አንቀሳቀሱ? እግራቸውስ? አንደበታቸው ተፈታ?» እግዜር ይማርዎ ብለን፣ ሻያችንን ጠጥተን እንወጣለን። ስለ ዓይናቸው የሚጠይቅ የለም።

ጋሽ እገሌ ግን በር ሲያልፉ ትከሻቸው ከመቃኑ ይጋጫል። ጋዜጣ ሲያነቡ መስመሩን ከመሃል ይጀምራሉ። አስፋልት ሲሻገሩ በግራ የመጣችውን ሚኒባስ የሚያዩዋት አጠገባቸው ስትደርስ ነው። ቤተሰቡ ይቆጣል፤ «አይተው አይሄዱም እንዴ?» አያዩማ!

ነገሩ እንዲህ ነው። ዓይን የተቀበለውን ምስል የሚያነበው የአንጎላችን የኋለኛ ክፍል ነው። ስትሮክ ይህን ክፍል በቀኝ በኩል ሲጎዳው፣ ከሁለቱም ዓይኖች የግራ ጎን እይታ ይጠፋል፤ በግራ ሲጎዳው ደግሞ የቀኙ። ዓይኑ ራሱ ምንም አልሆነም። ስለዚህ ብር አዋጥቶ መነጽር ቤት መሮጥ፣ ገመዱ የተበጠሰ ቴሌቪዥን መስታወቱን እንደ መወልወል ነው።

ታዲያ ሕክምና የለውም? የጠፋው እይታ በራሱ ከተመለሰ፣ በአብዛኛው በመጀመሪያዎቹ 3 ወራት ነው። ከዚያ ወዲህ «እይታዎን እንመልሳለን» የሚል ውድ የኮምፒውተር ልምምድ ሲመጣ ቆም ብሎ መጠየቅ ይበጃል። እ.ኤ.አ. በ2019 የታደሰው የኮክራን የጥናቶች ግምገማ እይታን ለመመለስ ለሚሰጡ ሕክምናዎች በቂ ማስረጃ አላገኘም። ትንሽ ተስፋ ያየው ዓይንን ወደ ጠፋው ጎን ደጋግሞ የማዞር ልምምድ ላይ ነው። እይታውን አይመልስም፤ ኑሮን ግን ሊያቀል ይችላል። ማስረጃው ገና ደካማ ቢሆንም፣ ኪስ አይጎዳም።

እንግዲህ እኛ የምንለው ይህን ነው። ሐኪሞቻችን፣ በሽተኛውን ከማሰናበታችሁ በፊት ጣታችሁን በግራና በቀኝ አንቀሳቅሳችሁ «ይታይዎታል?» በሉልን። ማሽን አይጠይቅም፤ ጥቂት ደቂቃ ቢበቃው ነው። ቤተሰቦችም ቁጣውን ትተን «አባዬ፣ ወደ ግራ ዞር ይበሉ» እንበል። በሚያነቡት ገጽ ጠርዝ ላይ ቀይ መስመር እናስምርላቸው፤ ዓይናቸው እስኪያገኘው ይፈልጉት። ሐኪም ሳይፈቅድ የመኪና ቁልፍ አንስጣቸው። ደግሞም የማንም ሰው እይታ ድንገት ከጠፋ፣ ያው ስትሮክ ሊሆን ይችላልና «ነገ ይሻለዋል» ሳይባል ወዲያው ሆስፒታል!

ጋሽ እገሌ ቆመው ሲራመዱ እልል ብለናል። የሚረግጡትን ማየታቸውንም እንጠይቅ እንጂ ጎበዝ!